በቀን መብራት የሚበራበት ክፍል

የልጅ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ታኅሣሥ ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጥላ "ራሴን ያመኛል" ማለት አመጣች። መጀመሪያ ቁርስ ሳትበላ እየወጣች ነው ብለን ጠረጠርን። ቁርሷን በደንብ መብላት ጀመረች፤ ራስ ምታቱ ግን አልለቀቃትም። ዓይኗ ይሆናል ብለን አስመረመርናት። "ዓይኗ ደህና ነው" ተባልን።

እናቷ ሥራ ስለምትውል የማመላለሱ ተራ የእኔ የጡረተኛው ነው። አንድ ቀን ከመውጫ ሰዓት ቀደም ብዬ ሄድኩና በክፍሏ በር አንገቴን ብቅ አድርጌ አየሁ። ውጭ የበጋ ፀሐይ ቦግ ብላለች፤ ክፍሉ ውስጥ ግን መብራት በርቷል። በምዕራብ በኩል ያለው ከወገብ እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስታወት በአሮጌ ጋዜጣ ተለጥፏል። ጋዜጣው ባልደረሰበት ላይ የመምህርቷ ነጠላ ተንጠልጥሏል። ሃምሳ የሚጠጉ ልጆች ፊታቸው ወዝቶ፣ ግማሾቹ ጭንቅላታቸውን ዴስክ ላይ ደፍተዋል። ከውስጥ የወጣው አየር አክንባሎ ሲነሳ ፊትን እንደሚመታው ዓይነት ነበር።

ለራስ ምታቱ ሌላ ምክንያት መፈለጌን ያን ቀን ተውኩ።

እጄን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ

የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ይህ ሕንፃ ከሦስት ዓመት በፊት በመንግሥት በጀትና በወላጅ መዋጮ ሲሠራ እኔ የወላጅ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ሁለት ንድፍ ቀረበልን። አንደኛው ረጅም በረንዳ ያለው፣ ክፈፉ ወጣ ያለ፣ መስኮቶቹ መጠነኛ የሆኑ ነበር። ሁለተኛው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ መስታወት የለበሰ ነበር። የመጀመሪያውን ስናይ "ይኼማ እኛ የተማርንበትን ይመስላል" ብለን ሳቅን። ሁለተኛው "ዘመናዊ" ተባለ። ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ፀሐይ በየት በኩል ትጠልቃለች ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አሁን ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት የሚሰበሰቡት የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከዘበኛው ጎጆ ጎን። ግድግዳዋ ጭቃ ናት፤ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ዘበኛው ስቆ "ጋሼ፣ እኔ ቤት ኑና ተማሩ በሏቸው እንጂ" አለኝ። እሱ ቀለደ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች?

ከወላጆቹ መካከል አንዲት ወጣት አርክቴክት አለች። ልጇ ከልጅ ልጄ ጋር ነው የሚማረው። የሆነውን ስነግራት በማግስቱ ቴርሞሜትር ይዛ መጣች። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከዛፉ ጥላ ሥር 24 ዲግሪ፣ ክፍሉ ውስጥ 31 ዲግሪ አነበብን።

"አዲስ አበባ እኮ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የማያስፈልጋት ከተማ ናት ጋሼ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የቀን ሙቀቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ አየር ውስጥ ሕንፃ የሚሞቀው አሠራሩ ሲያሞቀው ነው።

ከዚያ መሬት ላይ በጭረት ሥላ አስረዳችኝ። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነን። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናታችን ብዙ አትርቅም። ሰኔ ላይ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከላይ የሚመጣን ፀሐይ መከልከል ቀላል ነው። 1 ሜትር ተኩል ቁመት ያለውን የደቡብ መስኮት ታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ሙሉ በሙሉ ለማጥላት 1 ሜትር የወጣ ክፈፍ ይበቃል። ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከምዕራብ የምትመጣው ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ በአግድም ነው የምትገባው፤ ክፈፍ አያቆማትም። ለዚህ ነው ረጅሙ የሕንፃ ጎን፣ መስኮት የሚበዛበት፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ መዞር ያለበት። የእኛ ሕንፃ መንገዱን ለማየት ሲል ረጅም ጎኑን ለምዕራብ ሰጥቶ ቁጭ ብሏል።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። መስታወት የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋል፤ ብርሃኑ ዴስኩንና ወለሉን ካሞቀ በኋላ ግን ሙቀቱ በመጣበት አይመለስም፤ ውስጥ ይታሰራል። በላዩ ላይ የልጆቹን ጨምሩበት። ቁጭ ያለ አዋቂ ሰው ሰውነት እንደ 100 ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ያወጣል። ልጅ ትንሽ ያንሳል፤ ሃምሳ ሲሆኑ ግን አስቡት። መጋረጃና ጋዜጣ ከውስጥ ሲደረግ ብርሃኑን ይከለክላል እንጂ ሙቀቱ አስቀድሞ ገብቷል። ከዚያ ክፍሉ ይጨልማል፤ መብራት ይበራል። ጋዜጣው እንዳይቀደድ መስኮቱ አይከፈትም፤ አየሩም ይታፈናል። በታፈነ አየር ውስጥ ልጅ ይፈዛል፣ ራሱን ያመዋል፤ አንዱ ያመጣውን ጉንፋንም ሁሉም ይዞት ይሄዳል።

"ግድቡ ተመርቋል፤ ምን ያሳስበናል?"

ጉዳዩን ለወላጆች ስብሰባ አቀረብን። የመጀመሪያው ሐሳብ ለየክፍሉ ቬንትሌተር፣ ለኮምፒዩተር ክፍሉ ደግሞ ኤሲ እንግዛ የሚል ነበር። አንድ አባት ተነሥቶ "ዓባይን ገድበናል፤ 5,150 ሜጋ ዋት አለን። ለልጆቻችን መብራት እንሰስት?" አለ። ተጨበጨበለት። እኔም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ ዓይኔ እንባ ያዘለ ሰው ነኝ፤ ስሜቱ ይገባኛል።

ግን እንደ ገንዘብ ያዥ ሒሳብ ሠርቼ መጥቼ ነበር። ሕንፃው 12 ክፍል አለው፤ በየክፍሉ ባለ 36 ዋት ስድስት ፍሎረሰንት። ቀን ስድስት ሰዓት ሲበሩ ከ15 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ነው! የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። የትምህርት ቤት ቆጣሪ የሚከፈለው ለመጽሐፍና ለመጸዳጃ ቤት ጥገና ከሚሆነው ከዚያው ገንዘብ ነው። መብራት በጠፋ ቀንስ? ቬንትሌተሩ ቆሞ፣ አምፖሉ ጠፍቶ፣ ልጆቹ በጨለማና በሙቀት ይቀመጣሉ። አገራችን ውስጥ እስካሁን መብራት ያላየው ሕዝብ ግማሽ ያህል መሆኑም አይረሳ። ግድቡ የተሠራው የእነሱን ቤት እንዲያበራ ነው፤ ጋዜጣ የተለጠፈበትን መስኮት እንዲያካክስ አይደለም።

በመንግሥት ደረጃም ነገሩ አዲስ አይደለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ቁጠባን በሕግ ከሚመሩ ጉዳዮች አንዱ አድርጎታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌ አምፖላችንን መልሰን ቆጣቢ አምፖል የተቀበልንበትን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ 60 ዋት ይበላ የነበረውን አምፖል ብርሃን ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ይሰጣል። በሕንፃ ደረጃም መለኪያ አለ። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ያወጣው "ኤጅ" የተባለው የአረንጓዴ ሕንፃ መለኪያ፣ አንድ ሕንፃ ከተለመደው በ20 በመቶ ያነሰ ኃይል፣ በ20 በመቶ ያነሰ ውኃ እንዲጠቀም፣ የግንባታ ዕቃዎቹም ሲመረቱ በአካባቢ ላይ የሚያሳድሩት ጫና በ20 በመቶ እንዲያንስ ይጠይቃል። ወጣቷ አርክቴክት እንዳለችው ግን 20 በመቶው የሚጀምረው ውድ ዕቃ በመግዛት አይደለም፤ ችካል በሚተከልበት ቀን ሕንፃው ወዴት እንደሚዞር በመወሰን ነው።

አያቶቻችን ያውቁት ነበር

ስብሰባው ላይ አንዲት አዛውንት እናት "እኛ ልጅ ሳለን ቤቱ መች እንዲህ ያቃጥል ነበር?" አሉ። የትግራይ ህድሞ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የአፈር ጣሪያ አለው፤ የቀኑን ሙቀት ይዞ ይቆይና የሌሊቱን ብርድ ያለዝባል። የሐረር ጌጋርም በወፍራም ግድግዳው ነው ቀዝቅዞ የሚውለው። የሣር ክዳን ጎጆ የቀትር ፀሐይን አያሳልፍም። ወደዚያ እንመለስ እያልኩ አይደለም፤ ያወቁትን ለምን እንጥላለን ነው የምለው።

ይህን ያልጣለ አፍሪካዊ አለ። የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ በልጅነቱ የተማረው ከመቶ በላይ ተማሪ በታጨቀበት፣ በሚያቃጥልና በጨለመ ክፍል ውስጥ ነበር። አድጎ ጀርመን አገር አርክቴክቸር እየተማረ ሳለ ለትውልድ መንደሩ ለጋንዶ ትምህርት ቤት ነደፈ። መንደርተኛው ራሱ ጡብ እየጠፈጠፈ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ የተቀላቀለበት የሸክላ አፈር ነው። ቆርቆሮው በኮርኒሱ ላይ አልተቀመጠም፤ በብረት ከፍ ብሎ፣ እንደ ጃንጥላ ሰፍቶ ተዘርግቷል። በመካከሉ አየር ያልፋል፤ ትኩሱ አየር በኮርኒሱ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል። ኤሲ የለውም። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 በሙያው ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። መነሻው ያቺ የመንደር ትምህርት ቤት ናት።

ያደረግነው

ወረዳውን አስፈቅደን፣ በአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት ሥራ ጀመርን። ገንዘቡ የበቃው ለአራት ክፍል ብቻ ነው። በመስታወቱ ፊት ለፊት፣ ከውጭ በኩል፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ራቅ አድርገን ከቀርከሃ የተሠራ አጥር መሳይ መከለያ አቆምን። ፀሐይዋን ይሰባብራታል፤ ብርሃንና ነፋስ ግን ያሳልፋል። ከጣሪያው ሥር በሁለቱም ጎን የአየር መውጫ አስከፈትን። ኮርኒሱን ነጭ ቀባን፤ ነጭ ቀለም የገባውን ብርሃን እስከ ክፍሉ ጥግ ድረስ ያደርሰዋል። የተቃጠሉትን ፍሎረሰንቶች በባለ 18 ዋት ኤልኢዲ ተካን። ለቬንትሌተር ታስቦ ከነበረው ገንዘብ ያወጣነው ሲሶውን ነው።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን ይዘን ገባን። ከዛፉ ሥር እንደ በፊቱ 24 ዲግሪ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ግን 26። ጋዜጣው ተነሥቷል፤ መብራቱ ጠፍቷል። መምህርቷ ነጠላዋን ለብሳዋለች።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። ስምንት ክፍል አሁንም ጋዜጣ እንደለጠፈ ነው። አቧራ በቀርከሃው መካከል ይገባል፤ በየጊዜው ማራገፍ ይፈልጋል። ክረምቱ ሲገባ በምዕራብ በኩል ግራቪሊያ ልንተክል አስበናል፤ ጥላው እስኪደርስ ግን የልጅ ልጄ ከዚህ ትምህርት ቤት ትወጣለች።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም የወረዳ አዳራሽ ሊሠራ ነው ተብላችሁ ስትጠሩ፣ የፊቱን ሥዕል አይታችሁ እንደ እኔ እጃችሁን ከማውጣት በፊት እነዚህን ጠይቁ። መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

• ረጅሙ ጎን ወዴት ይዞራል? መስኮት የሚበዛው በምሥራቅና በምዕራብ ከሆነ ምክንያቱን አስረዱን በሉ።

• መስኮቱ ከውጭ በኩል ጥላ አለው? ክፈፍ፣ በረንዳ፣ መከለያ ወይስ ዛፍ?

• መስኮቶቹ ይከፈታሉ? አየር በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል? ትኩሱ አየር በላይ የሚወጣበት አለ?

• ከቆርቆሮው ሥር ምን አለ? ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በበጋ ያቃጥላል፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ የመምህሩን ድምፅ ይውጠዋል።

• መብራት ሳይበራ፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ሰሌዳውን ማንበብ ይችላል?

• መብራት በጠፋ ቀን ሕንፃው ያገለግላል?

• በየዓመቱ ለቆጣሪ ስንት ይከፈላል? ከፋዩስ ማን ነው?

ሕንፃው ከቆመ በኋላ የቀረችሁ ነገር ቢኖር እኛ እንዳደረግነው መለጠፍና መጠገን ነው። በወረቀት ላይ ሳለ ግን ለማዞር የሚያስፈልገው ላጲስ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወረዳው ለሌላ የመማሪያ ሕንፃ የወላጅ ኮሚቴውን ጠርቶን ነበር። ንድፉ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ ፊቱ ያምራል። ሁሉም ዝም ብሎ ሲያይ እጄን አወጣሁና "ሰሜን በየት በኩል ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ንድፉን ያመጣው ወጣት ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ ካዞረ በኋላ "ይቅርታ አባቴ፣ አጣርቼ እመለሳለሁ" አለ። እየጠበቅነው ነው።

የልጅ ልጄ አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጥላ የምትለው "ራበኝ" ነው።