አጥር የተሻገረ ቅርንጫፍ

አጥር መሬትን ይለያል እንጂ ቅርንጫፍን አያግድም። የጎረቤት የዘይቱን ዛፍ አጥሩን አልፎ ቢያዘነብል፣ የበሰለው ፍሬ በእናንተ ግቢ ይረግፋል፤ በስብሶም ይሸታል። ጉዳቱ ግን በመጥፎ ሽታ ብቻ አይወሰንም። የፍሬ ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው በፍሬው ውስጥ ነው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ፍሬውን በልቶ ካደገ በኋላ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ክንፍ አውጥቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የረገፈው ፍሬ ሳይለቀም ከቀረ፣ ቀጥሎ የሚበስለው የሁለቱም ግቢ ፍሬ ይበላሻል። በየዕለቱ ለቅሞ ክንድ በሚያህል ጥልቀት መቅበር ይገባል።

ታዲያ ስለ ቅርንጫፉ ምን ይበጃል? በስውር መገንጠል ከዛፉ ይልቅ ጉርብትናን ይጎዳል። በቅድሚያ ባለቤቱን በአክብሮት አነጋግሩ። «ዛፍዎ አስቸገረን» ከማለት፣ «እትዬ፣ ፍሬው እየረገፈ ዝንብ ፈላብን፤ ቅርንጫፉን አብረን ብንከረክመው ምን ይመስልዎታል?» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ክስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ምክክር ነውና። ከተስማማችሁም ፍሬው ከተለቀመ በኋላ፣ ልጡ እንዳይላጥ ተጠንቅቃችሁ በስለታም መጋዝ ቁረጡ።

ስምምነት ከታጣ ሽማግሌ ይገባበታል። ሕግም ስለ ጉርብትና ዝም አላለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ ያዛል። ሆኖም ዳኛ ቅርንጫፍ ያስቆርጥ ይሆናል እንጂ፣ የተቋረጠውን የቡና ጥሪ አይመልስም።