ምዕራፍ አራት፦ በወዲያኛው ጫፍ ማን አለ?

በአዲስ አበባ፣ ላፍቶ የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ስሙን ከነፋስ ስልክ ጋር ይጋራል። የቀደሙት ሰዎች «የነፋስ ስልክ» ሲሉ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያመላልሰውን መሣሪያ ማለታቸው ነበር። ባለ ሽቦው ስልክ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲገባ፣ ሰው ሳይታይ ድምፅ መሰማቱ አንዳንድ ካህናትን አስደንግጦ «የሰይጣን ሥራ ነው» እንዳሰኛቸው ይነገራል። ንጉሡ ግን ስልኩን አላስነሡም። ውሎ አድሮ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ተረዳ፤ ድምፁ የሚመጣው በሽቦ ቢሆንም በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ነው። ስም አለው፤ ለተናገረውም ይጠየቃል።

ዛሬ አንድ የላፍቶ ወጣት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ቻትጂፒቲ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ «ጾም ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልስ ወዲያው ይመጣለታል። በወዲያኛው ጫፍ ግን ማንም የለም። ክርስቲያን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲያስብ መነሻው ይህ ሊሆን ይገባል።

ታዲያ መልሱ ከየት መጣ? አንድ ሰው «እግዚአብሔር» ብሎ ቢያቋርጥ የቀረውን እኛው እንሞላዋለን። ስጦታ ተቀብሎ ከሆነ «ይስጥልኝ»፣ ደኅንነቱን ተጠይቆ ከሆነ «ይመስገን»፣ ለቅሶ ቤት ከሆነ «ያጽናችሁ» እንላለን። የቋንቋ ሞዴል የሚባለውም በዚሁ መንገድ ይሠራል። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ከተመገበ በኋላ፣ ከቀደሙት ቃላት ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል እያሰላ ይጽፋል። እንደ አማርኛ ጥቂት ዲጂታል ጽሑፍ ላላቸው ቋንቋዎች፣ የትርጉም ማሽኖች ከሠለጠኑባቸው ጽሑፎች አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ስለዚህ ማሽን መንፈሳዊ ቃል ቢያሳምር አይድነቀን። «ያጽናችሁ» ሲል ግን አላዘነም፤ ድንኳን ገብቶም ከሐዘንተኛ ጎን አልተቀመጠም።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን።

የመጀመሪያው ስለ እውነት ነው። ማሽኑ የሚያሰላው ሊከተል የሚችለውን ቃል ስለሆነ፣ ያልተጻፈ ገድል ወይም የሌለ ጥቅስ በሙሉ ልብ ሊያቀርብ ይችላል። የመጻሕፍት መምህር «አንድም» ብለው ትርጓሜ ሲጨምሩ ከማን እንደተማሩ ይታወቃል፤ ከኋላቸው የመምህራን ሐረግ አለ። የማሽኑን መልስ ሳያጣራ ለጉባኤ ያቀረበ ሰባኪ ግን ስሕተቱን በማሽኑ ሊያሳብብ አይችልም። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ የተሰጠው ለሰው ነው።

ሁለተኛው ስለ ባልንጀራ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ዶክተር ትምኒት ገብሩና ባልደረባዋ ጆይ ቡኦላምዊኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ሥርዓቶችን መረመሩ። ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ ስሕተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ፤ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ግን ከ0.8 በመቶ አልበለጠም። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጠረ ብሎ ለሚያምን ይህ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማሽን የአንዱን ፊት አጥርቶ እያየ የሌላውን ሲስት፣ ዝም ማለት ባልንጀራን መካድ ነው።

ሦስተኛው ስለ ነፍስ ጥበቃ ነው። የንስሐ አባት ምስጢር ይጠብቃሉ፤ ልጃቸው ሲጠፋም ይፈልጉታል። ፓስተርም በታመመ ምእመን አልጋ አጠገብ ይጸልያል። ለቻትቦት የተጻፈ ኑዛዜ ግን በአንድ ኩባንያ ኮምፒውተር ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ ጸሐፊው በማግስቱ ቢጠፋ ወዴት ሄደ ብሎ የሚፈልገው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የቫቲካን የሕይወት አካዳሚ ከማይክሮሶፍት፣ ከአይቢኤምና ከሌሎች ጋር ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ከፈረመው «የሮም ጥሪ» መርሖች አንዱ ተጠያቂነት ነው፤ ማሽን ለሚሠራው ሥራ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ሁልጊዜ ሊኖር ይገባል ይላል። ቤተ እምነታችን የትኛውም ቢሆን በዚህ ልንስማማ እንችላለን።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መሣሪያውን አትፍራው። ፊደል ያርምልህ፣ ባዕድ ጽሑፍ ይተርጉምልህ፣ ለጥናትህ መነሻ ይስጥህ። ያገኘኸውን ቃል ግን ከመጽሐፉና ከመምህርህ ጋር አመሳክር፤ በስምህ ለተናገርከውም አንተው ተጠየቅ። ጎረቤትህ ሲያዝን ደግሞ ማሽኑ ያሳመረልህን የማጽናኛ መልእክት ልከህ አትቅር። ተነሥተህ ድንኳኑ ድረስ ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ።