አዲስ ቄቦችን ከነባር ዶሮዎች ጋር ለመቀላቀል ምን ያህል መታገስ ይገባል?

ጅግጅጋ፦ ከገበያ የተገዙ የተሻሻለ ዝርያ ቄቦች አመሻሽ ላይ ግቢ ይደርሳሉ። ሌላ ማደሪያ ስላልተዘጋጀላቸው በዚያው ምሽት ከነባሮቹ የሐበሻ ዶሮዎች ጋር በአንድ ቤት ይታጎራሉ። በማግስቱ ራሳቸው የቆሰለ፣ ከመኖና ከውኃ ተገፍተው ጥግ የያዙ ቄቦች ይታያሉ። ሁለትና ሦስት ሳምንት ሳይሞላም በሽታ ገብቶ አዲሶቹንም ነባሮቹንም ሊጨርስ ይችላል።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር እንቁላልና የዶሮ ሥጋ በየቤቱ እንዲመረት ያበረታታል። በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በአውበሬና በቀብሪበያህ በግቢያቸው ዶሮ ለማርባት ለሚነሡ ቤተሰቦች፣ ቄቦቹን ከመግዛት ባልተናነሰ የመቀላቀያው ጊዜ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በመጀመሪያ በሽታን መከላከል

ጤነኛ የሚመስል ዶሮ በሽታ ይዞ ሊገኝ ይችላል። አደጋው ከሁለቱም ወገን ነው፤ አዲሶቹ ከገበያ ይዘው ሊመጡ፣ ነባሮቹም የለመዱትን ተውሳክ ለአዲሶቹ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ከሁሉም የከፋው ፈንግል ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ የአንገት መጠምዘዝና የክንፍ መውደቅ ምልክቶቹ ናቸው። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ብቻ ነው።

ስለዚህ ነባሮቹ ዶሮዎች አዲሶቹ ከመምጣታቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ሊከተቡ ይገባል። ቄቦቹን የሚሸጠውንም ሰው የትኛውን ክትባት በየትኛው ቀን እንደወሰዱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ክትባቱ በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ስለሚያበላሸው ክሎሪን የሌለው ንጹሕ ውኃ መጠቀም ግድ ነው።

አዲሶቹ ከነባሮቹ ርቆ በተዘጋጀ ቦታ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይቆያሉ። መመገቢያና መጠጫቸው የተለየ ይሁን። የሚንከባከባቸው ሰው በመጀመሪያ ጤነኞቹን ነባሮች፣ ቀጥሎ አዲሶቹን ይመግብ፤ ወደ ነባሮቹ ከመመለሱ በፊትም እጁን ይታጠብ፣ ጫማውን ይቀይር።

ብርድና ዕድሜ

የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። ይህም በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ገደማ ይቀነሳል። ጫጩቶቹ ተደራርበው ከተጠጋጉ በርዷቸዋል፤ ከሙቀቱ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ደግሞ ሞቋቸዋል ማለት ነው። በጅግጅጋ አካባቢ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ ላባቸው ሳይሞላ ከማሞቂያ ማውጣት አይገባም።

ቄቦች አብዛኛውን ጊዜ በ45 ቀን ዕድሜያቸው ይሸጣሉ። ሁለት ሳምንት ተለይተው ቢቆዩ ወደ 60 ቀን ይደርሳሉ። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በሽቦ ተለያይተው ሲተያዩ ደግሞ ከ65 እስከ 75 ቀን ይሞላቸዋል። በዚህ ዕድሜ ላባቸው ሞልቶ፣ ከሚገፋቸው ዶሮ ለመሸሽ የሚያስችል ጉልበት ያገኛሉ።

ትንሿ ዶሮ ለምን ትበረታለች?

ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤበ በ1921 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነክር የሚወስን የማዕረግ ቅደም ተከተል አላቸው። አዲስ ዶሮ ሲገባ ይህ ቅደም ተከተል ይናጋል። ነባሯ የሐበሻ ዶሮ አካሏ ትንሽ ቢሆንም ቦታውን ስለለመደች በመጠን የምትስተካከላትን ቄብ ልታባርር ትችላለች።

ፍጥጫውን የሚያለዝበው በመካከላቸው ሽቦ አድርጎ እንዲተያዩ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰፋ ባለ ግቢ ውስጥ ባለቤቱ እየተመለከተ በቀን ይለቀቃሉ። ቄቦቹ አንድ በአንድ ሳይሆን በአንድነት ይግቡ። ቢያንስ ሁለት መመገቢያና ሁለት መጠጫ ተራርቀው ይቀመጡ፤ መሸሸጊያ የሚሆን ሣጥን ወይም ቅርንጫፍም ይዘጋጅ። በጨለማ ቆጥ ላይ አስቀምጦ መተው ብቻውን አይበቃም፤ ሲነጋ ጠቡ ሊጀመር ይችላልና።

መጠነኛ መነካከር የሚጠበቅ ነው። ደም ከታየ ግን የቆሰለችውን ወዲያውኑ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ደም ሌሎቹንም ለመንከር ይስባል።

መኖና አውራ ዶሮ

የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ሲኖረው፣ ቄብ የሚያስፈልጋት 1 በመቶ ገደማ ነው። ትርፉ ኩላሊቷን ይጎዳል። መንጋው አንድ ላይ ሲሆን ለሁሉም የቄብ መኖ ማቅረብ፣ ለሚጥሉት ደግሞ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም የእንቁላል ቅርፊት በተለየ ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል።

የተሻሻለ ዝርያ አውራ ዶሮ ሲያድግ ከሐበሻ ዶሮ በእጅጉ ስለሚከብድ በሚያጠቃበት ጊዜ ጀርባዋን ሊያቆስል ይችላል። ትርፍ አውራዎችን አስቀድሞ ለይቶ ለሥጋ ወይም ለሽያጭ ማዋል ይመከራል።

በመለያው ጊዜ ድንገተኛ ሞት ከታየ መቀላቀሉ ይቁም፤ ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ይነገር። የሞተው ዶሮ ይቀበር ወይም ይቃጠል። የቀሩትን ፈጥኖ ወደ ገበያ ማውጣት ግን በሽታውን ወደ ሌላ ግቢ፣ ምናልባትም ወደ ጎረቤት ከተማ መላክ ይሆናል።