ጥለቱ ቀለሙን ያጣበት አዳራሽ

በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነጠላ የሚገዛ አስተዋይ ሰው ጥለቱን ወደ ደጃፍ አውጥቶ በፀሐይ ብርሃን ሳያየው ገንዘቡን አይቆጥርም። ይህ ልማድ ምን ያህል ፊዚክስ እንዳዘለ የተረዳሁት ለዶክትሬት ትምህርት ባሕር ማዶ ሳለሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 መገባደጃ፣ የዴንማርክና የአይስላንድ ተወላጅ የሆነው የሥነ ጥበብ ሰው ኦላፉር ኤልያሰን በለንደኑ ቴት ሞደርን ሙዚየም ያቀረበውን «የአየር ሁኔታ ፕሮጀክት» ለማየት ሄድሁ። በትከሻዬ ላይ እናቴ ከሽሮ ሜዳ ገዝታ የላከችልኝ፣ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ነበር። ሰው ሠራሽ ጉም በሞላው ሰፊ አዳራሽ ጫፍ ግዙፍ ፀሐይ ታበራለች። ጎብኚዎች ወለሉ ላይ ተንጋለው ጣሪያውን በሸፈነው መስተዋት ውስጥ ራሳቸውን ይፈልጋሉ፤ እጃቸውንም ያወዛውዛሉ። ፀሐይዋ ራሷ ግማሽ ክብ ብቻ ነበረች፤ ቀሪውን ግማሽ የሚሞላው የመስተዋቱ ምስል ነው።

ወደ ነጠላዬ ስመለከት ግን ደነገጥሁ። ቀዩም አረንጓዴውም ጠፍተው ግራጫና ጥቁር መሥመሮች ቀርተዋል። የእናቴ ስጦታ የሌላ ሰው ልብስ መሰለኝ።

ምን ተፈጠረ? ፀሐይዋ የተሠራችው ከ200 ያህል ባለ አንድ ቀለም የሶዲየም መብራቶች ነው። የሶዲየም አቶም የውጭ ኤሌክትሮን ከከፍተኛ የኃይል እርከን ወደ ዝቅተኛው ሲወርድ 589 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ቢጫ ብርሃን ይለቃል። የቀን ብርሃን ግን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሚዘልቁትን የሞገድ ርዝመቶች ሁሉ ይዟል። ቀይ ክር ቀይ ሆኖ የሚታየን ከመጣለት ብርሃን ቀዩን አብልጦ ስለሚያንጸባርቅ ነው፤ ቀይ ብርሃን ካልደረሰው ምን ይመልሳል? በአዳራሹ ውስጥ የክሮቹ ልዩነት የድምቀትና የድብዘዛ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን በቤተ ሙከራ መሞከር ይቻላል። መምህርዎ ባሉበት፣ ክፍሉን አጨልመው፣ በአልኮል መብራት ነበልባል ላይ ጥቂት የገበታ ጨው ይጨምሩ። ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል። ከዚያም ባለ ብዙ ቀለም ጥለት ከእሳቱ አርቀው ይመልከቱ።

ኤልያሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ከመሐንዲሱ ፍሬድሪክ ኦተሰን ጋር «ትንሿ ፀሐይ» የተባለች በፀሐይ ኃይል የምትሠራ ፋኖስ አበረከተ፤ ለቅርጿም መነሻ የሆነው የእኛው አደይ አበባ ነው።

ያን ዕለት ከሙዚየሙ ስወጣ፣ በለንደን ደመናማ ሰማይ ሥር ጥለቴ ቀለሙን መልሶ አገኘ። ቀለም የክር፣ የብርሃንና የዓይን የጋራ ሥራ ነው። የሽሮ ሜዳ ገዢም ነጠላውን ይዞ ወደ ደጃፍ ሲወጣ ሦስቱን ማገናኘቱ ነው።