ክሊር የሚያስፈልገው ለየትኛው ቀለም ነው? የተሽከርካሪ ቀለም ማሳረጊያ ሽፋን በአምቦ የአየር ጠባይ

ከሆለታ ተነስቶ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦን አልፎ ወደ ጉደር በሚዘልቀው መንገድ ዳር ባሉ ጋራዦች ውስጥ መኪናውን ቀለም ለማስቀባት የሚመጣ ባለንብረት አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ከቀለሙ በላይ ክሊር ይደረብ ወይስ ይቅር? ክሊር የሚባለው በመጨረሻ የሚረጨው ቀለም አልባ አንጸባራቂ ሽፋን ነው። ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዋጋ ወይም በውበት ነው። የቀለሙ ዕድሜ ግን በዋናነት በሌላ ነገር፣ ማለትም ከሥር በተቀባው ቀለም ዓይነት ላይ የተመሠረተ ነው።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወደ አገር በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። በመሆኑም በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ ዋና ሀብትን የመጠበቅ ያህል ሆኗል።

ሁለቱ የቀለም ሥርዓቶች

ክሊር ከመኪና ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የዱፖንት ኩባንያ ዱኮ የተሰኘውን በፍጥነት የሚደርቅ የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ሳምንታት ይወስድ የነበረው የቀለም ሥራ በእጅጉ አጠረ። ከዚያም ለአሥርት ዓመታት አብዛኞቹ መኪኖች የሚቀቡት ቀለሙም አንጸባራቂነቱም በአንድ ላይ በሚገኝበት ባለአንድ ደረጃ ቀለም ነበር። ቀለምና ክሊርን በየተራ የሚጠቀመው ባለሁለት ደረጃ ሥርዓት በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው።

በባለአንድ ደረጃ ቀለም ውስጥ የቀለም ብናኙ በበቂ ሙጫ ተውጦ ይገኛል። ሃርድነር የተባለው ማጠንከሪያ ሲቀላቀልበት ሙጫው ኬሚካላዊ ትስስር ፈጥሮ ይጠነክራል፤ ያለ ተጨማሪ ሽፋንም ፀሐይንና ዝናብን ይቋቋማል። በባለሁለት ደረጃው ሥርዓት ግን የመሠረት ቀለሙ ብናኝ የበዛበት፣ ሙጫ ያነሰበትና ሲደርቅ የሚደበዝዝ ነው። ተግባሩ መልክ መስጠት ብቻ ስለሆነ ጥበቃውን ሙሉ በሙሉ ለክሊሩ ይተዋል። ብርማና ሌሎች ሜታሊክ ቀለሞች በውስጣቸው ደቃቅ የአሉሚኒየም ቅርፊቶች አሏቸው፤ ካልተሸፈኑ በእርጥበትና በኬሚካል ጠቁረው ውበታቸውን ያጣሉ።

በፋብሪካ የተቀባ ባለሁለት ደረጃ መኪና በአብዛኛው 20 ማይክሮሜትር ያህል ጸረ ዝገት ሽፋን፣ ከ30 እስከ 40 ማይክሮሜትር መካከለኛ ሽፋን፣ ከ15 እስከ 20 ማይክሮሜትር መሠረት ቀለምና ከ40 እስከ 50 ማይክሮሜትር ክሊር አለው። ድምሩ ከሁለት የሰው ፀጉር ውፍረት ብዙም አይርቅም።

ፀሐይ የምትሠራው ሥራ

የአልትራቫዮሌት ጨረር የሙጫውን ኬሚካላዊ ሰንሰለት ይበጣጥሳል። በባለአንድ ደረጃ ቀለም ጉዳቱ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ብናኙ ብርሃኑን ስለሚያግድ የላይኛው ገጽ ብቻ ይደበዝዛል፣ በጣት ሲነካም ዱቄት ይተዋል። እንዲህ ያለውን ገጽ በፖሊሽ መመለስ ይቻላል። ክሊር ግን በባሕርዩ ብርሃን አሳላፊ ነው። በውስጡ እንደ ቤንዞትራያዞል ያሉ ጨረር መጣጮችና የብርሃን ማረጋጊያዎች ከሌሉ፣ ወይም ከመጠን በላይ ከሳሳ፣ ጨረሩ አልፎ ክሊሩና መሠረት ቀለሙ የተጣበቁበትን ቦታ ይጎዳል። ያን ጊዜ ክሊሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላቀቅ ይጀምራል። ይህን ፖሊሽ አያድነውም፤ ጤናማ ሽፋን እስኪገኝ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደገና ከመቀባት ሌላ መፍትሔ የለውም።

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ትገኛለች። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ሌላው ሁኔታ እኩል ከሆነ አምቦ ላይ የሚደርሰው ጨረር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። ፀሐይም በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናት ላይ ትውላለች። ቀድመው የሚጎዱት ጣሪያውና ኮፈኑ መሆናቸው ከዚህ የመጣ ነው፤ በሮቹ ጨረሩን በሰያፍ ይቀበላሉ።

ምርጫው በተግባር

ከሁሉ አስቀድሞ መኪናው ላይ ያለውን ቀለም መለየት ያስፈልጋል። በማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት ፖሊሽ አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ ሲታሽ፣ የመኪናው ቀለም ጨርቁ ላይ ከወጣ ቀለሙ ባለአንድ ደረጃ ነው፤ ካልወጣ ከላይ ክሊር አለ። ለነጭ መኪና ጥቁር ጨርቅ ይመረጣል። ያረጀ ክሊርም ነጣ ያለ ዱቄት ሊተው ስለሚችል ግን በነጭ ላይ የተገኘ ውጤት በጥንቃቄ ይታያል።

ለነጭ ሚኒባስ፣ ለአይሱዙና ለሌሎች የሥራ ተሽከርካሪዎች ሃርድነር ያለው ባለአንድ ደረጃ ቀለም በቂ ነው። ሲጫር በቀላሉ ይጠገናል፣ ወጪውም ያነሰ ነው። ለሜታሊክ ቀለምና ለማንኛውም መሠረት ቀለም ግን ክሊር የግድ ነው፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ክሊሩን ማስቀረት ወይም በቲነር ከልክ በላይ ማቅጠን ሥራውን በአጭር ጊዜ ያበላሻል። ሦስተኛው ስሕተት ደግሞ በደበዘዘ አሮጌ ቀለም ላይ ሳይፍቁ ክሊር ብቻ መርጨት ነው። መኪናው ለጊዜው ያንጸባርቃል፤ ክሊሩ የተጣበቀው ግን በላላ ዱቄት ላይ ስለሆነ ይላጣል።

የሥራው ወቅትም ልዩነት ያመጣል። በሃርድነር ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጥራል፤ ይህም በሽፋኑ ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ሊተው ይችላል። ስለዚህ ግድግዳና ጣሪያው ክፍት በሆነ ጋራዥ በክረምት ከሚረጭ ይልቅ ደረቁን ወቅት፣ አቧራ የማይነሳበትንም ሰዓት መጠበቅ ይሻላል።

የቀቢው ጤና

ይኸው አይሶሲያኔት የሙያ አስም ከሚያስከትሉ ታዋቂ ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ጤዛውንም ትነቱንም አያስቆምም፤ አንዴ ሰውነቱ የተቆጣ ሠራተኛ ደግሞ ከዚያ በኋላ በጥቂት መጠንም ሊታመም ይችላል። ሃርድነር በባለአንድ ደረጃ ቀለምም በክሊርም ውስጥ ስላለ፣ አላስፈላጊ ክሊር መደረብ ለባለመኪናው ትርፍ ወጪ፣ ለቀቢው ደግሞ ትርፍ መጋለጥ ነው። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ መተንፈሻ ቢገኝ ተመራጭ ይሆናል።

እንግዲህ ክሊር ለሁሉም ቀለም የሚያስፈልግ ጌጥ፣ ወይም ለሁሉም የሚቀር ትርፍ ነገር አይደለም። መሠረት ቀለም ያለ እርሱ አይዘልቅም፤ ባለአንድ ደረጃ ቀለም ግን ያለ እርሱ ይዘልቃል። ባለመኪናው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ጋራዡን ሊጠይቅ የሚገባው «ክሊር ይኑረው?» ብሎ ሳይሆን «የሚቀባው የትኛው ቀለም ነው?» ብሎ ነው።