በግምጃ ቤት የተረሱ ነባር የቡና ማሽኖች ከመወገዳቸው በፊት ሊመረመሩ ይገባል

በመሥሪያ ቤቶች የሠራተኞች ክበብ፣ በሆቴሎችና በነባር ቡና ቤቶች ጓዳ ከአገልግሎት ውጪ ሆኖ የተቀመጠ ባለእጀታ የቡና ማሽን ሲገኝ ዕጣ ፈንታው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንድም የመዳቡና የናሱ ክብደት ተገምቶ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ይሸጣል፤ አንድም ሳይመረመር ከኤሌክትሪክ ጋር ተገናኝቶ እንዲሠራ ይሞከራል። የመጀመሪያው አንድ የታሪክ ምስክር ያጠፋል፤ ሁለተኛው ደግሞ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል። በመሆኑም በንብረት አስተዳደር ሥራ ላይ የተሰማሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች የእነዚህን ማሽኖች ምንነትና የእድሳታቸውን ቅደም ተከተል ማወቃቸው ጠቃሚ ይሆናል።

የማሽኑ አመጣጥ

ቡናን በእንፋሎት ኃይል በፍጥነት ለማፍላት በኢጣሊያ ሙከራዎች ተደርገዋል። አንጄሎ ሞሪዮንዶ እ.ኤ.አ. በ1884 በቶሪኖ ከተማ፣ ሉዊጂ ቤዜራ ደግሞ በ1901 በሚላኖ ለፈጠራቸው የባለቤትነት መብት አግኝተዋል። በእነዚህ የቀድሞ ማሽኖች ውኃውን በቡናው ውስጥ የሚገፋው የቦይለሩ እንፋሎት ብቻ በመሆኑ ግፊቱ አነስተኛ፣ ቡናውም የማረር ጠባይ ነበረው።

ይህን የለወጠው አኪሌ ጋጂያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ ባቀረበው ማሽን ረጅም እጀታ ወደ ታች ሲሳብ ፒስተኑ ወደ ላይ ተነሥቶ ጠንካራ ሞላ ይጨመቃል፤ በዚህ ጊዜ ሙቅ ውኃ በቡናው ላይ ይሞላል። እጀታው ሲለቀቅ ሞላው ተፈትቶ ውኃውን ከ8 እስከ 10 ባር በሚደርስ ግፊት በቡናው ውስጥ ያሳልፈዋል። ዛሬ በማሽን በፈላ ቡና ሲኒ ላይ የሚታየው ወርቃማ አረፋ የተገኘው በዚህ ከፍተኛ ግፊት ምክንያት ነው። ፋኤማ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 የሞላውን ሥራ ለኤሌክትሪክ ፓምፕ የሰጠ ማሽን ሲያቀርብ ባለእጀታዎቹ ቀስ በቀስ ቦታቸውን ለቀዋል።

የኢጣሊያ ቡና አፈላል በአገራችን ከተሞች ሥር ከሰደደ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። ማኪያቶ የሚለው ቃል ራሱ ከኢጣሊያንኛ የተወሰደ ነው። በአዲስ አበባ ፒያሳ እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው ቶሞካም ስያሜውን ያገኘው ከኢጣሊያንኛ ቃላት ምኅጻር ነው። የቡና መገኛ በሆነችው አገር፣ በቤት ውስጥ ጀበና፣ በከተማ ቡና ቤት ደግሞ ማሽን ጎን ለጎን የመኖራቸውን ታሪክ ከሚናገሩ ዕቃዎች አንዱ ይኸው ባለእጀታ ማሽን ነው።

ሲገኝ መጀመሪያ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ተግባር ማጽዳት ሳይሆን መመዝገብ ነው። ማሽኑ ባለበት ሁኔታ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶግራፍ ይነሣል። በጀርባው ወይም በሥሩ የሚገኘው ሰሌዳ ላይ የሠሪው ስም፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የኤሌክትሪክ ቮልቴጁና የቦይለሩ መረጃ ሊገኝ ስለሚችል በጥንቃቄ ይገለበጣል። ቮልቴጁን ማረጋገጥ በተለይ አስፈላጊ ነው። በዚያን ዘመን በኢጣሊያ የተለያዩ የቮልቴጅ መጠኖች ይሠራባቸው ስለነበር፣ ለ125 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ቢገናኝ ወዲያውኑ ይቃጠላል።

ሁለተኛው ነጥብ ማሽኑን "ይሠራ እንደሆነ ለማየት" በሚል ሶኬት ላይ አለመሰካት ነው። የዘመኑ ሽቦዎች በጨርቅ የተሸፈኑ በመሆናቸው ሽፋናቸው ከእርጅና የተነሣ የተበጣጠሰ ሊሆን ይችላል። ውኃ በሌለው ቦይለር ውስጥ ያለ ማሞቂያም በአጭር ጊዜ ይነዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የደኅንነት ቫልቩ በኖራ ተደፍኖ ከሆነ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ከ1 ሺህ 600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። መውጫ ያጣ ቦይለር ሲፈነዳ በአጠገቡ የቆመውን የክበብ ሠራተኛ ሊገድል የሚችለውም ለዚህ ነው።

የእድሳቱ ሂደት

እድሳቱ የቦይለርና የኤሌክትሪክ ሥራ በሚያውቅ ባለሙያ ሊከናወን ይገባል። በመጀመሪያ ማሽኑ ሲፈታ ሁለት ነገሮች ጥንቃቄን ይጠይቃሉ። አንደኛው በፒስተኑ ላይ ያለው ሞላ ሲሆን፣ እንደተጨመቀ የሚቀመጥ በመሆኑ ብሎኖቹ በግድየለሽነት ከተፈቱ ተስፈንጥሮ ፊትንና እጅን ይጎዳል። ስለዚህ ሞላው በረጃጅም ብሎኖች ተይዞ ቀስ በቀስ እንዲላላ ይደረጋል። ሁለተኛው ቦይለሩን የሚሸፍነው ነጭ ወይም ግራጫ መሸፈኛ ነው። ይህ መሸፈኛ ለሳንባ ካንሰር የሚያጋልጠው አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል በደረቁ መፋቅም ሆነ መጥረግ አይገባም፤ ጉዳዩ ለሚመለከተው ባለሙያ ይተላለፋል።

በመቀጠል በቦይለሩና በቧንቧዎቹ ውስጥ የተጋገረው ኖራ በሞቀ ውኃ በተበጠበጠ ሲትሪክ አሲድ እንዲሟሟ ተደርጎ በብዙ ውኃ ይታጠባል። ሥራውን ለማፋጠን ሲባል ጠንካራ አሲድ መጠቀም ናሱንና የክሮም ቅቡን ስለሚበላ አይመከርም። የደረቁ የጎማ ማሸጊያዎች ሙቀት በሚችልና ለምግብ ዕቃ በተፈቀደ ጎማ ይተካሉ። የደኅንነት ቫልቩም ሙሉ በሙሉ ካልተፈተሸ በአዲስ መለወጥ ይኖርበታል።

ከዚህ በኋላ ቦይለሩ የሚፈተነው በታመቀ አየር ሳይሆን በቀዝቃዛ ውኃ ነው። አየር ሲታመቅ ከፍተኛ ኃይል ስለሚያከማች ቦይለሩ ቢሰነጠቅ ይፈነዳል፤ ውኃ ግን እምብዛም ስለማይታመቅ ስንጥቁን በፍሳሽ ብቻ ያሳያል። ፈተናው ማሽኑ ከሚሠራበት ግፊት ከፍ ባለ መጠን ይከናወናል። ይህን ያለፈ ማሽን ሽቦው በሙሉ ተቀይሮ የመሬት ሽቦ ከተገጠመለት በኋላ ሊሞቅ ይችላል። ማሞቅ ሲጀመር የእንፋሎት ቧንቧው ክፍት ሆኖ አየሩ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ የታፈነው አየር ውኃው በቂ ሙቀት ሳያገኝ መለኪያው ላይ ግፊት ያሳያል።

በዚህ ረገድ የከፍታ ጉዳይም ሊታሰብበት ይገባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። መለኪያው 1 ባር ሲያሳይ በባሕር ጠረፍ ከተማ የቦይለሩ ሙቀት 120 ዲግሪ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን ወደ 116 ዲግሪ ዝቅ ይላል። በመሆኑም ማሽኑ ጥቂት ቢቀዘቅዝ ብልሽት ነው ማለት አይደለም። መስተካከል ቢያስፈልገው እንኳ ሠሪው ከወሰነው የግፊት ጣሪያ ማለፍ ክልክል ነው።

ለአገልግሎት ወይስ ለዕይታ?

የታደሰ ማሽን ሁሉ ቡና ማፍላት አለበት ማለት አይደለም። የቆዩ የናስ ክፍሎችና ብየዳዎች እርሳስ ሊኖርባቸው ስለሚችል የሚወጣው ውኃ ሳይመረመር ለመጠጥ ሊቀርብ አይገባም። ቦይለሩ ፈተናውን ካላለፈ ማሽኑ ውጪው ብቻ ተጠርጎ ለዕይታ ቢቀመጥ የተሻለ ነው። በሁለቱም ሁኔታ የሠሪውን ስምና ጌጡን የሚያጠፋ ፍተጋ መደረግ የለበትም። የተለወጡ ክፍሎችም ከነመዝገባቸው ቢቀመጡ ወደፊት ለሚመረምረው ባለሙያ ይጠቅማሉ።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የተረጐመው በሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊና ዕደ ጥበባዊ ይዘቱ ጭምር ነው። ከዚህ አኳያ አሮጌ የቡና ማሽን ሁሉ ቅርስ ነው ባይባልም፣ ቅርስ አይደለም ብሎ መወሰን የሚቻለውም ከተመረመረ በኋላ ብቻ ነው። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴዎች እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያጋጥማቸው ሚዛን ላይ ከማውጣታቸው በፊት ፎቶግራፉንና የሰሌዳውን ግልባጭ ለቅርስ ጥበቃ ኃላፊነት ላለው አካል ቢያሳዩ የሚያጠፉት ጊዜ ጥቂት ቀናት ነው። ቀልጦ ወደ መዳብነት የተመለሰ ማሽን ግን በምንም ዓይነት ውሳኔ ሊመለስ አይችልም።