«ድራማቲካሊ» የተባለው የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ በአማርኛ እንዴት ይመለስ?

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚተረጐሙ ዘገባዎች ውስጥ ተርጓሚውን ከሚፈትኑት ቃላት አንዱ «ድራማቲካሊ» የተባለው ተውሳከ ግሥ ነው። ቃሉ በጤና፣ በምጣኔ ሀብትና በአየር ጠባይ ጽሑፎች ዘወትር ይገኛል። በብዙ ትርጉሞችም «ድራማዊ በሆነ ሁኔታ» ተብሎ ሲመለስ እናያለን። ይህ አመላለስ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ከዚህ ቀጥለን እንመረምራለን።

የቃሉ መሠረት ግሪክኛ ነው። በዚያ ቋንቋ «ድራን» ማድረግ፣ መሥራት ማለት ሲሆን «ድራማ» ደግሞ ድርጊት፣ ይልቁንም በመድረክ ላይ የሚታይ ድርጊት ነው። እንግሊዝኛ ቅጽሉን በላቲን በኩል ሲወስድ በመጀመሪያ የተገለገለበት ተውኔትን ለሚመለከት ነገር ነበር። ውሎ አድሮ ግን ቃሉ ከመድረክ ወጥቶ ሁለት ሌሎች ፍቺዎችን አፈራ። አንደኛው ጐልቶ የሚታይ፣ ብዙ ጊዜም ድንገተኛ የሆነ ለውጥን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ሰው ስሜቱን ወይም አድራጎቱን አጋንኖ ማሳየቱን ይገልጻል። የእንግሊዝኛው አንባቢ ሁለቱን የሚለየው በግሡ ነው። ግሡ «ቀነሰ» ወይም «ጨመረ» ቢሆን የመጀመሪያውን፣ «ተነፈሰ» ወይም «እጁን አወናጨፈ» ቢሆን ሁለተኛውን ይረዳል።

በአማርኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ድራማ» የቴአትር ስም ሆኖ ቢገባም በዕለታዊ ንግግር «ይህ ሁሉ ድራማ ነው» ሲባል ማስመሰልን፣ አልፎም ማታለልን ያመለክታል። «ተውኔታዊ» ብንልም ችግሩ አይወገድም፤ የግእዙ «ተዋነየ» መጫወት፣ መቀለድ ማለት ነውና።

የዚህ ጉዳት በምሳሌ ይታያል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት መሠረት፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ይህ ቁጥር ወደ 50 ገደማ ወረደ። ተርጓሚው ይህን «የሕፃናት ሞት ድራማዊ በሆነ ሁኔታ ቀነሰ» ብሎ ቢጽፍ፣ ዘጋቢው ያላሰበውን ጥርጣሬ በአንባቢው ልቡና ይዘራል። እውነተኛው ውጤት የታይታ ሥራ ይመስላል።

እንደሚታወቀው፣ በአማርኛ እንደ «ገና» እና «ክፉኛ» በራሳቸው የቆሙ ተውሳከ ግሦች ጥቂቶች ናቸው። የአድራጎቱን ሁኔታ የሚሸከመው አንዳንድ ጊዜ ራሱ ግሡ፣ አንዳንድ ጊዜም ቦዝ አንቀጽ ወይም መስተዋድድ ያለው ሐረግ ነው። ዋጋ «ናረ» ወይም «አሻቀበ» ሲባል የለውጡ ኃይል በግሡ ውስጥ ስላለ ሌላ ማጠናከሪያ አያሻም።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቃል የራሱ ጠባይ አለው። «ክፉኛ ተጐዳ» ይባላል እንጂ «ክፉኛ ተሻለው» አይባልም። «አሽቆለቆለ» የመበላሸትን ስሜት ስለሚያዝል ለሕፃናት ሞት መቀነስ አይስማማም። «በአስደናቂ ሁኔታ» አድናቆትን ስለሚጨምር «የሟቾች ቁጥር በአስደናቂ ሁኔታ ጨመረ» ማለት ሐዘንተኛን ያስቀይማል። ለበጎውም ለክፉውም የሚያገለግለው «በእጅጉ» ነው። ድንገተኛነቱም መነገር ካለበት «በድንገት» የሚለው ይታከላል።

ለሁለተኛው ፍቺ «አጋንኖ»፣ «ለታይታ» እና «እንደ ተዋናይ» የሚሉት ይቀርባሉ። «አጋንኖ» መጠንን ብቻ ሲናገር «ለታይታ» የአድራጊውን ሐሳብ ይፈርዳል። ስለዚህ ጽሑፉ በማይፈርድበት ቦታ «እንደ ተዋናይ እጁን አወናጨፈ» ማለት ይሻላል።

ከዚህ የተነሣ መዝገበ ቃላት ለዚህ ቃል አንድ አቻ ብቻ ሰጥቶ ማለፍ የለበትም እንላለን። የተውኔቱን፣ የለውጡንና የማጋነኑን ፍቺ በሦስት ተራ ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ከግሡ ጋር የተያያዘ ምሳሌ ሊሰጥ ይገባል። ተርጓሚውም ከተውሳከ ግሡ አስቀድሞ ግሡን ይመርምር። ዋናው ጽሑፍ አኃዝ ካለውም አኃዙን ሳያጐድል ያስፍር፤ ከ200 ወደ 50 መውረድ ማጋነኛ ሳይጨመርበት በራሱ ይናገራል።